ያለ ወራቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕሮባዮቲክ፤ ጥቅሙና አደጋው

ወተትን እርጎ የሚያደርገው በዐይን የማይታይ ሕያው ፍጥረት መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንዲህ ያሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን ዛሬ ፕሮባዮቲክ በሚል ስም በዱቄትና በጠብታ መልክ ተዘጋጅተው የዓለም ገበያ ሸቀጥ ሆነዋል። ከተጠቃሚዎቹም መካከል 37 ሳምንት ሳይሞላቸው የተወለዱ ሕፃናት ስለሚገኙበት፣ ነጋዴው የዕቃውን ጠባይ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

በወሩ ተወልዶ ጡት የሚጠባ ሕፃን ጠቃሚዎቹን ተሕዋስያን ከእናቱ ያገኛል። ያለ ወሩ የተወለደው ግን በማሞቂያ ሣጥን ስለሚቆይና ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ስለሚሰጠው፣ በሆስፒታል የሚገኙ ጎጂ ተሕዋስያን አንጀቱን ቀድመው ሊይዙት ይችላሉ። ለእንደዚህ ያለው ሕፃን እጅግ የሚፈራው በሽታ ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ የተባለው ነው፤ ይኸውም የአንጀቱ ግድግዳ ተቈጥቶ የሚሞትበት ነው።

በአውስትራልያና በኒውዚላንድ በ1,099 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2013 እ. ኤ. አ. የታተመው ጥናት፣ ሦስት ዐይነት ባክቴሪያ የያዘ ዱቄት ይህን በሽታ ከመቶ 4.4 ወደ 2.0 እንዳወረደው አሳየ። ሞትን ግን በግልጽ አልቀነሰም። በእንግሊዝ አገር በ1,310 ሕፃናት ላይ ሌላ ዐይነት ባክቴሪያ ተሞክሮ በ2016 እ. ኤ. አ. የታተመው ጥናት ደግሞ ጥቅም አላገኘበትም። ስለዚህ አንዱ ጠቀመ ተብሎ ሌላውን በእርሱ ስም መሸጥ አይገባም።

አደጋውም ቀላል አይደለም። በ2014 እ. ኤ. አ. በአሜሪካ፣ በኮኔክቲከት፣ ያለ ወሩ የተወለደ አንድ ሕፃን ያንኑ በአውስትራልያ ጥናት የተመሰገነውን ዱቄት ወስዶ በሻጋታ በሽታ ሞተ። ዱቄቱ ሲመረመር ሻጋታ ተገኘበት፤ አምራቹም ከገበያ ሰበሰበው። የዕቃው ስም ያው ነበር፤ የጐደለው ንጽሕናው ነው። በ2023 እ. ኤ. አ. ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ ክብደቱ ከ1,000 ግራም በታች የነበረ ሕፃን ሌላ ምርት ተሰጥቶት፣ በምርቱ ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ራሱ ወደ ደሙ ገብቶ ታመመ፤ ሞተም። በዚህኛው የጎዳው ባዕድ ነገር ሳይሆን፣ ለጥቅም የተሰጠው ሕያው ፍጥረት ነው፤ የሕፃኑ አካል ሊከላከለው አልቻለምና።

የነገሩ ሥር በንግድ ሕግ ውስጥ ይገኛል። በአሜሪካ እነዚህ ምርቶች በብዛት የሚሸጡት እንደ ምግብ ማሟያ ስለሆነ፣ እንደ መድኃኒት አስቀድመው በመንግሥት ተመርምረው አይጸድቁም። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤትም በ2023 ለሕፃናት መድኃኒትነት ያጸደቀው ፕሮባዮቲክ እንደሌለ ለሐኪሞች አሳስቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በ2022 እ. ኤ. አ. ከ32 ሳምንት በፊት ተወልደው የእናት ወተት ለሚመገቡ ሕፃናት መስጠቱ ሊታሰብበት እንደሚችል ገልጿል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን በ2021 ለሁሉም በልማድ እንዲሰጥ አልደገፈም።

ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ገና ያልተስማሙ ስለሆነ የመስጠቱ ውሳኔ የሐኪም ብቻ ነው። የነጋዴው ድርሻ የባክቴሪያውን ሙሉ ስም፣ የእያንዳንዱን ባች ቍጥርና የምርመራ ወረቀት፣ የማብቂያ ቀኑንና የሚቀመጥበትን ቅዝቃዜ ሳያረጋግጥ አለማስመጣት ነው። ያለ ወሩ ለተወለደ ልጇ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሱቅ ለምትመጣ እናትም፣ ዕቃው በመደርደሪያው ላይ ቢኖር እንኳ፣ ወደ ሐኪም እንድትመለስ መንገር ይገባል።