ምስጥ የማይደፍረው ሣጥን
የአሮጌ ጥድ ዕቃ ዋጋና የመኝታ ቤት አደረጃጀት በነገሌ ቦረና

መኝታ ቤት ለማደራጀት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከአልጋው ይጀምራል። ገንዘቡን አስልቶ የሚያወጣ ግን አንድ ጥሩ አሮጌ ዕቃ መርጦ ክፍሉን በዚያ ዙሪያ ቢያዘጋጅ ያዋጣዋል። በነገሌ ቦረና፣ በአሬሮና በያቤሎ ለዚህ ከሚመረጡት ዕቃዎች አንዱ የጥድ ሣጥን ነው።

ምክንያቱ ከአካባቢው ተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ነው። በቦረና ሜዳ ከሰው ቁመት በላይ የቆሙት ኩይሳዎች ምስጥ ምን ያህል እንደሚበረታ ይመሰክራሉ። ርካሽ ቺፑድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ ምስጥ ከደረሰበትም አይተርፍም። የጥድ ግንድ ቀይ ቡናማ የሆነው ውስጠኛ ክፍል ግን ምስጥንና ነቀዝን ይቋቋማል። ሽታውም ብልን ስለሚያርቅ ጋቢና ቡልኮ ለማስቀመጥ ይመረጣል። ነጣ ያለው የውጪው እንጨት ይህ ጥንካሬ የለውም።

አቅርቦቱ የማይጨምር ገበያ

ጥድ በአሬሮና በያቤሎ ደኖች በተፈጥሮ ይበቅላል። ይሁንና በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጥድን ከዝግባ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር ጥበቃ ከሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች መድቦታል። ከዚያ በኋላ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. የወጡት የደን አዋጆችም ቁጥጥሩን ቀጥለውበታል። ስለዚህ ቀድሞ የተሠራው ዕቃ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ፍላጎት ሲጨምር አቅርቦት ካልጨመረ ዋጋ መውጣቱ የማይቀር ነው።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ዋጋው ሲወጣ፣ በሕገወጥ መንገድ የተቆረጠ አዲስ እንጨት ቀለም ተቀብቶ «አሮጌ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን የገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከማጣቱም በላይ በኬላ ላይ ዕቃውን ሊያስረክብ ይችላል።

«የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው» የሚለውም ወሬ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጣሊያን ነገሌን የያዘው በጥር 1928 ዓ.ም. ሲሆን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጥቷል። በአምስት ዓመት ውስጥ የዚህን ሁሉ ቤት ዕቃ ሊሠራ አይችልም። ገዢው ሣጥኑን ገልብጦ ታቹን ይመልከት። ያረጀ ዕቃ እጅ የሚነካው ጠርዝ ይላላጋል፤ የማይታየው ጀርባው ግን ሻካራ ሆኖ የመጋዝ ምልክት ይታይበታል። ሁሉም ገጽ እኩል ከጠቆረ ቀለም ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ሒሳቡ

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ የግዢ ዋጋ ብቻውን ወጪ አይደለም። ለምሳሌ ሣጥኑ በ10,000 ብር ቢገዛ፣ ማጓጓዣው 3,000፣ ጥገናው 2,000፣ ድለላው 1,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 16,000 ይሆናል። በ15,000 ብር የሸጠው ነጋዴ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ 1,000 ብር ከስሯል። ለውጭ ገዢ የሚያስብም ካለ፣ በቅርስነት የሚታይ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መደንገጉን ማወቅ አለበት።

ክፍሉ እንዴት ይሰናዳ?

ሣጥኑ የክፍሉ ጌታ እንዲሆን ከአልጋው ግርጌ ይቀመጥ። ግድግዳው ነጣ ባለ ቀለም ቢቀባ ቀዩ እንጨት ጎልቶ ይታያል። መጋረጃውና የአልጋ ልብሱ አበባ ያልበዛባቸው ይሁኑ፤ ከላዩ የታጠፈ ቡልኮ፣ ከጎኑ አንድ በቃጫ የተሸመነ የቦረና ወተት ዕቃ ይበቃል። ሌላ አሮጌ ዕቃ መጨመር ክፍሉን መጋዘን ያስመስለዋል። ፀሐይ እንጨቱን ስለምታሰነጥቀው ከመስኮት ፊት ይራቅ።

እድሳት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሣጥኑን ፍቆ በሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ መቀባት ዕድሜውን ይደብቃል፤ ገዢው ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ለዚያ ዕድሜ ነው። አቧራውን ጠርጎ፣ የላላውን ማጠፊያ አጥብቆ፣ በሰም ማሸት ይበቃል። ፔንሲዮን ወይም ሎጅ የሚከፍት ባለሀብትም ይህንኑ ያስብ፤ ቺፑዱን በየጊዜው ከመለወጥ፣ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው የሚተላለፍ አንድ ዕቃ በየክፍሉ ማስገባት ይረክሳል።