ትኩሳቱ ሲበርድ የማይበርደው ድካም

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ በከተማይቱ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ነፍስ እንደ ቀጠፈ ይገመታል። ታሪኩን የሚያወሱ ሁሉ ስለ ሟቾቹና ስለ ቀብሩ ይተርካሉ፤ ከአልጋ ተነሥተው ስለ ተረፉት ግን ብዙም አይነሣም። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ልናወሳ የወደድነው ይህንኑ የተረሳ ወገን ነው።

ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጥሏል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮሮና በጅቡቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ፤ የተገኘበትም ሰው የስፔን ልዩ ኃይል አባል የሆነ ወታደር ነበር። እንጀራ ፍለጋ ወጥቶ በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 2 የሚኖረው ወገናችን እንዲህ ያለ ሕመም ሲያገኘው የሚያገግመው የት ነው? ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት አገር፣ ከሌሎች ጋር በተጋራው ጠባብ ክፍል ነው። ያልሠራበት ቀን ደግሞ አይከፈለውም። ስለዚህ ትኩሳቱ እንደ ለቀቀው ሥራ ይገባል። የደንበኞቹን ትእዛዝ ቢያቀያይር፣ የተላከበትን ዕቃ ቢረሳ፣ አሠሪው «ሰነፈ» ይላል እንጂ «አእምሮው ገና አላገገመም» አይልም።

የዓለም የጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ይህንኑ የኮሮና ቅሪት ሕመም ተርጉሞታል፤ ይኸውም ሕመሙ ከጀመረ 3 ወር ገደማ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ ሊገለጽ የማይችል ሁኔታ ነው። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የሐሳብ መደነጋገር ዋነኞቹ ምልክቶች ናቸው። ለምክንያቱ ከሚጠቀሱት አንዱ፣ ተሐዋሲውን ሊወጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ጦር ውጊያው ካለቀ በኋላም ወደ ሰፈሩ ሳይመለስ መቅረቱ ነው።

ወታደር ድካምን በወኔ ማሸነፍ የለመደ ነው። እዚህ ላይ ግን ወኔው ራሱ ይጎዳዋል። ዛሬ ራሱን አስገድዶ የሠራ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ዛሬ ሳይሆን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ሳያውቀው ይቀራል። ማረፍ ያለበት ደክሞት ሳይሆን ሳይደክመው በፊት ነው። ከባዱን ሥራ አእምሮው በሚነቃበት ሰዓት፣ አንዱን ከሌላው ሳይቀላቅል ይሥራ፤ የሚረሳውን ይጻፍ፤ የሠራውንና በማግስቱ የተሰማውንም በደብተር ይያዝ። በቀን የሚችለውን መጠን ካወቀ በኋላ ጥቂት በጥቂት ይጨምር። ጫትን በተመለከተ፣ በካርቲየ 2ም ሆነ በእኛ ሰፈር ለጊዜው የሚያነቃ ቢመስልም የሌሊቱን እንቅልፍ ይነጥቃል፤ ይህ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሻው እንቅልፍ ነው።

ለባለቤቶች የምንለው አለን። ባልሽ በትንሽ ነገር ቢቆጣ፣ ያለ ምክንያት ዓይኑ ዕንባ ቢሞላ፣ ልጆቹ ሲንጫጩ ትቶ ቢወጣ፣ ጠባዩ ተለወጠ ብለሽ አትፍረጂበት። ራዲዮው፣ እንግዳውና የልጆቹ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲመጡበት አእምሮው መለየት ያቅተዋል። አንዱን ነገር በአጭሩ ንገሪው፤ መልሱንም ታገሺው። የታመመችው ሚስት ከሆነች ደግሞ ውኃ መቅዳቱና እንጀራ መጋገሩ ለሌላ ይተላለፍ፤ «ተሽሎሻል እኮ» የሚለውን ንግግር ባሎች ቢተዉት እንመርጣለን።

ለዚህ ሕመም እስከ አሁን የተረጋገጠ ፈዋሽ ክኒን የለም፤ ብዙዎች ግን በወራት ውስጥ እየተሻላቸው ይሄዳል። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም መኖርን መጥላት ከታየ ግን ቀን ሳይቆጠር ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው። ጥበቃ የሚወጣ ወይም መኪና የሚነዳ ሰው ሐሳቡ የሚበተን ከሆነ ለአለቃው አስቀድሞ ያስታውቅ። ወደ ክሊኒክ ሲሄድም ያን ደብተር ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ፊት የሚረሳው ነገር ብዙ ነውና።