ለማይችል ሆድ የሚስማማ የአትክልት ጥቅል

ሆዱ ቶሎ የሚነፋ ሰው ጾም ሲገባ ይቸገራል። በሁዳዴው 55 ቀን ሥጋና ወተት ከገበታው ይወጡና ሽሮ፣ ክክና አትክልት ቦታውን ይይዛሉ፤ ሆዱ ሲነፋና ሲቆርጠው የሚወቀሰው ግን ብዙውን ጊዜ አትክልቱ ነው። «ጎመን አይስማማኝም» ብሎ የሚተወው ጥቂት አይደለም። ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው እላለሁ። አብዛኛው ጥፋት ያለው አብሮ ከሚገባው ሽንኩርትና ከጥራጥሬው ላይ ነው። ይህ ከታወቀ በደቡብ ጎንደር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጓዳ ከማይጠፋው ነገር ብቻ ለእንዲህ ያለ ሆድ የሚመች የአትክልት ጥቅል መሥራት ይቻላል።

ማስረጃው እንዲህ ነው። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ፎድማፕ ብለው የሰየሟቸው፣ ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸው የስኳር ዓይነቶች አሉ። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ያለው ፍሩክታን አንዱ ነው። የሰው አካል ይህን የሚሰባብር ኤንዛይም ስለሌለው ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። ይህ በሁሉም ሰው ሆድ ይሆናል፤ አንጀቱ ስሜቱ የበረታ ሰው ግን ያንኑ ጋዝ እንደ ሕመም ይሰማዋል። የሽሮው ሽምብራና አተር፣ ምስርም ጭምር፣ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ሌላ ስኳር አላቸው። ካሮት፣ ድንችና የአበሻ ጎመን ግን ከእነዚህ ስኳሮች ያለባቸው እጅግ ጥቂት ነው።

ታዲያ ጥቅሉ በምን ይጠቀለል? ቬትናሞች አትክልታቸውን የሚጠቀልሉት ከሩዝ በተሠራ ስስ ቂጣ ነው። ሩዙ ፎገራ ላይ በብዛት ቢመረትም ያ ቂጣ በስማዳዋ ወገዳ ገበያ አይገኝም፤ አያስፈልግምም፤ የጤፍ እንጀራ ይበልጣልና። ጤፍ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን የለውም። ነገር ግን ጤፉ ንጹሕ ይሁን፤ ገብስ ወይም ስንዴ ከተቀላቀለበት ፍሩክታኑ በእንጀራው በኩል ተመልሶ ይገባል። ድንቹ ተቀቅሎ፣ ተደፍጥጦ በእንጀራው ዓይን ላይ በስሱ ይቀባል፤ ይህ ጥቅሉን ያያይዘዋል፣ የአትክልቱ ውሃም እንጀራውን እንዳያርሰው ይከለክላል። ካሮቱ በረጅሙ ቀጥኖ ተቆርጦ እስኪለሰልስ በእንፋሎት ይበስላል። የጎመኑ ግንድ ወጥቶ ቅጠሉ ብቻ ይከተፍና ይቀቀላል፣ ከዚያ ጥብቅ አድርጎ መጭመቅ ነው። ለጣዕም ዝንጅብል፣ ኮረሪማና በሶብላ ይበቃሉ። በርበሬ ግን ይቅር፤ የሚያቃጥል መሆኑ ሳይበቃ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ከተጠቀለለ በኋላ በስለታም ቢላዋ ተቆርጦ ያንኑ ዕለት መበላት አለበት።

«ያለ ሽንኩርት ምን ጣዕም አለው?» የሚለው ተቃውሞ ሚዛን አለው። ደግነቱ ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ሳይከተፍ፣ ጠብታ ውሃ ሳይነካው፣ በዘይት ጠብሶ አንድም ሳያስቀሩ ለቅሞ ማውጣት ይቻላል፤ መዓዛው በዘይቱ ይቀራል፣ ስኳሩ ከፍንካቹ ጋር ይወጣል። «አትክልት ጥሬውን ካልተበላ ቫይታሚኑ ይጠፋል» የሚሉም አሉ። ከቫይታሚን ሲ ጥቂት መቀነሱ እውነት ነው፤ የካሮቱን ካሮቲን ግን ሰውነት ይበልጥ የሚያገኘው በስሎ ዘይት ሲነካው ነው፤ ደግሞም ንጽሕናው ባልታመነ ውሃ የታጠበ ጥሬ አትክልት አሜባና ጃርዲያ ሊያመጣ ይችላል። ለታወከ ሆድ ይህ ከቫይታሚኑ ኪሳራ ይብሳል። የእንጀራው ኮምጣጣነት ጨጓራውን የሚያቃጥለው ሰው አፍለኛ እንጀራ ይምረጥ።

ሽንኩርቱንና ጥራጥሬውን ግን ለዘለዓለም መተው አይገባም፤ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን የሚመግቡት እነዚያው ስኳሮች ናቸውና። ሆዱ ጥቂት ሳምንት ካረፈ በኋላ አንድ በአንድ፣ በትንሹ፣ እየመለሱ የሚጎዳውን መለየት ይሻላል። ሰገራው ደም ያለበት፣ ክብደቱ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሰው ግን ምግብ በመለወጥ ጊዜ አያጥፋ፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።