የጻፍነውን ፕሮግራም የሚፈትን መሣሪያ እንዴት እንጭናለን?



በዕረፍት ቀናችሁ ኮምፒውተር እየተማራችሁ ፓይተን በተባለው ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ለጀመራችሁ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ፓይተንን የሆላንዱ ተወላጅ ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አቀረበው። ክፍያ የለውም።

ለብዙዎቻችን ከሁሉ የሚቀድመው የደመወዝ ሂሳብ ነው። የስንት ወር ተከፈለን? ስንት ቀረን? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀሩትን አጥብቆ ይገሥጻል። እኛም የምናቀርበው ቁጥር እንከን የሌለው ሊሆን ይገባል፤ አንድ ስህተት ከተገኘበት እውነተኛው ጥያቄያችንም ይጠረጠራልና።

መፈተኛው ምንድን ነው?

ወጥ ማዕድ ላይ ከመቅረቡ በፊት ይቀመሳል። ባለሙያ ሴት ደግሞ ቁሌቱንም፣ እርሾውንም፣ ጨውንም ለየብቻ ታያለች። ፕሮግራምም እንዲሁ እያንዳንዱ ክፍሉ ለየብቻ ይፈተናል። ለጃቫ ቋንቋ የተሠራውን ጄዩኒት የተባለ መፈተኛ ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ በ1997 እ.ኤ.አ. ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ጻፉት። ለፓይተን በሰፊው ከሚሠራባቸው አንዱ ፓይቴስት ነው።

አጫጫኑ

1ኛ. ፓይተንን በዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ «ወደ ፓዝ ጨምር» የሚለው ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ ከተዘለለ ኮምፒውተሩ ትእዛዙን አላውቀውም ሊል ይችላል።

2ኛ. ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት «ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል ፓይቴስት» ብላችሁ ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ። ኤም አንዲት ፊደል ናት፤ ሰረዟ ከፊቷ ትገባለች። ፓይቴስት የሚጻፈው ፒ፣ ዋይ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ቲ ተብሎ ነው።

3ኛ. ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመጫን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ኮምፒውተር የሌላችሁ በአንድሮይድ ስልክ ፓይድሮይድ 3 የተባለውን መጫን ትችላላችሁ። በውስጡ ፒፕ የሚል ክፍል አለ፤ ፓይቴስትን ከዚያ ትጭናላችሁ።

አሠራሩ

የወር ደመወዝ 900፣ የሠራችሁት 7 ወር፣ የተቀበላችሁት 4500 ይሁን። መጀመሪያ በወረቀት አስሉ፦ 900 በ7 ሲባዛ 6300፣ ከዚህ 4500 ሲቀነስ 1800 ይቀራል። ቀጥሎ በፈተናው ውስጥ «አሰርት» በሚለው ቃል መልሱ 1800 መሆን አለበት ብላችሁ ጻፉ። የፋይሉም የፈተናውም ስም «ቴስት» እና የታች ሰረዝ ብሎ ይጀምር፤ አለዚያ ፓይቴስት ላያገኘው ይችላል።

«ፓይተን -ኤም ፓይቴስት» ብላችሁ ስታዙት ፈተናው ካለፈ ነጥብ፣ ከወደቀ ኤፍ የምትል ፊደል ያሳያል። በመቀነስ ፋንታ መደመር ጽፋችሁ ከሆነ 10800 መጥቶብኛል ብሎ የወደቀውን የ«አሰርት» መስመር ያመለክታል። ሁሉም በተከፈለበት ጊዜ ቀሪው ዜሮ መሆኑንም ፈትኑ።

አስተውሉ፦ ፓይቴስት የሚያመሳክረው እናንተ የሰጣችሁትን መልስ ነው። የወረቀቱ ስሌት ከተሳሳተ ነጥቡም ያታልላችኋል። የተቀበላችሁትንም ገንዘብ ቀኑን ጨምራችሁ በደብተር መዝግቡ፤ መፈተኛው ሂሳቡን እንጂ ክፍያውን አያውቅም።

በአሠሪ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፈቃድ ምንም አትጫኑ። የፓስፖርት ቁጥርና የይለፍ ቃልም በፕሮግራም ፋይል ውስጥ አትጻፉ።

የተማራችሁ ላልተማሩት አሳዩ። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።