ባርነትን የተቃወመች፣ ቅኝ ግዛትን ግን ያልነካች ብዕር

ርዕሰ አንቀጽ ላይ የጸሐፊው ስም አይወጣም ብለን ተምረናል። እስቲ ዛሬ ለዓመታት ያለ ስሟ ርዕሰ አንቀጽ ስትጽፍ የኖረች አንዲት ሴት ላስተዋውቃችሁ።

እንግሊዛዊቷ ሐሪየት ማርቲኖ (ከ1802 - 1876 እ.ኤ.አ.) ገና በወጣትነቷ መስማት ቢሳናትም፣ ከ1852 እስከ 1866 «ዴይሊ ኒውስ» ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ከ1,600 በላይ ጽሑፎች ጽፋለች። ከዚያ በፊትም በ1830ዎቹ አሜሪካ ሄዳ ባርነትን በአደባባይ በመቃወሟ ዛቻ ደርሶባታል። ፖሊስ በሴተኛ አዳሪነት የጠረጠራቸውን ሴቶች በግድ የሚያስመረምር፣ ወንዶቹን ግን የማይነካ ሕግ ሲወጣም ታግላዋለች። ሕጉ የተሻረው እሷ ከሞተች ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1886 ነው።

ታዲያ በ1857 ሕንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ሲያምፁ ምን አለች? በዚያው ዓመት ስለ አገዛዙ ታሪክ መጽሐፍ አሳተመች። እንግሊዞች ስለሚገዙት አገር ምንም አለማወቃቸውን ነቀፈች። «ለቃችሁ ውጡ» ግን አላለችም፤ አገዛዙ ይሻሻል ነው ያለችው።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የሌላውን አገር ግፍ የሚያጋልጥ ደፋር ብዕር እንኳ፣ የራሱ አገር ጥቅም ጋ ሲደርስ ሊለዝብ ይችላል። የእኛስ ብዕር የት ጋ ይለዝብ ይሆን?