ከንቲባነት ከዘነበወርቅ ሲታይ

አንድ ከተማ ለነዋሪዎቹ ምን ያህል እንደሚያስብ ለመመርመር የሚወድ ሰው፣ ታላላቆቹን አደባባዮችና ያማሩትን ሕንፃዎች ከማየት አስቀድሞ፣ ከተማው ድውያኑንና ነዳያኑን፣ ጥራጊውንም ጭምር ወዴት እንደ ሰደደ ቢጠይቅ ፈጥኖ ወደ እውነቱ ይደርሳል። ለአዲስ አበባ የዚህ ጥያቄ መልስ ለብዙ ዘመን የተገኘው በምዕራብ በኩል፣ ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኘው በዘነበወርቅና በአካባቢው ነው።

ሠፈሩ ስሙን የወረሰው በለጋ ዕድሜያቸው ላረፉት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ለልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ማለትም ሁላችንም አለርት እያልን የምንጠራው ተቋም፣ በዚሁ ሥፍራ ተመሠረተ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የበሽታውን ተሐዋሲ በ1865 ዓ.ም. ባገኘው በኖርዌያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ከጎኑ ቆመ። ከሰሜንም ከደቡብም ፈውስ ፍለጋ የመጡት ሕሙማን ግን ከዳኑ በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው ለመመለስ የሚደፍሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ዘመድ ሸሽቷቸው፣ ርስታቸውም በሌላ እጅ ገብቶባቸው ነበርና፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ሸማ ሠርተው፣ ጥልፍ ጠልፈው፣ ልጆች ወልደው አሳደጉ። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ የሠርጉን አዳራሽ ትቶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከነዳያን ጋር የተቀመጠው፣ ጥቅምት 14 ቀን የሚታሰበው ጻድቁ ገብረ ክርስቶስ በሥጋ ደዌ የተያዙ ወገኖች የሚማጸኑት ቅዱስ የሆነው፣ ገድሉ የእነርሱን ኑሮ ስለሚመስል ነው።

ከዚሁ ሠፈር ሳይርቅ፣ ረጲ በተባለው ሥፍራ፣ የመላው ከተማ ጥራጊ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲከመር ኖሮ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ ከ30 ሄክታር በላይ የሚሸፍን የቆሻሻ ተራራ ሆነ። መጀመሪያ ከከተማው ውጭ የነበረው ይህ ሥፍራ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ በመኖሪያ ቤቶች ተከበበ፤ ከጥራጊው ውስጥ ብረት፣ ፕላስቲክና የሚበላ ነገር እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎችም ከተራራው ግርጌ ደሳሳ ቤት ሠርተው ተቀመጡ።

እንግዲህ የከንቲባ ሥራ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ፣ ከዚህ ሠፈር ላይ ሆኖ መመልከት ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ ያስረዳዋል። ከጎንደር ዘመን የወረደው የከንቲባነት ማዕረግ ዛሬ በአዲስ አበባ የሚመራው በቻርተሩ፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው፤ ከንቲባው ተጠሪነታቸው ለከተማው ምክር ቤትና ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ የከተማው አውቶቡስና መንገድ፣ እሳት አደጋው፣ ቤቱና የችግረኛው እርዳታ ሁሉ በእርሳቸው አስተዳደር ሥር ይውላሉ። እነዚህ ሥራዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቢሮ፣ በጀትና ሪፖርት ስላላቸው የተለያዩ ይመስላሉ። በእኔ እምነት ግን መጓጓዣ፣ የአደጋ ጊዜ ደራሽነትና መጠለያ አንድ ግዴታ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ሁለቱ ከንቱ ይሆናሉ፤ ይህም አስቀድሞ የሚታየው በከተማው ዳር ነው።

በመጀመሪያ መጓጓዣውን እንመልከት። አዲስ አበባ የሕዝብ አውቶቡስ ያገኘችው የጠላት ወረራ ካበቃ በኋላ በ1935 ዓ.ም. ሲሆን፣ አንበሳ የተባለው ይኸው አገልግሎት ለብዙ ዓመታት የድኻው ብቸኛ መመኪያ ሆኖ ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. የሸገር አውቶቡሶች ታከሉለት። በዚያው ዓመት፣ መስከረም 9 ቀን፣ የቀላል ባቡሩ የሰሜን ደቡብ መስመር፣ ጥቅምት 29 ቀን ደግሞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ሥራ ሲጀምር፣ ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ስለነበረ ለዝቅተኛው ነዋሪ ታላቅ እፎይታ ሆነ። ይሁን እንጂ ባቡሩ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ወደ ዘነበወርቅና ወደ አየር ጤና የሚያልፈው ሰው ወርዶ ለታክሲ ወይም ለአውቶቡስ እንደገና መሰለፍ ይኖርበታል። ከመጡት 41 ባቡሮችም ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው በመቆማቸው፣ መስመሩ የታሰበለትን ያህል ሕዝብ ሳያጓጉዝ ቆይቷል።

ይህ ጉድለት መኪና ላለው ሰው የመዘግየት ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዘነበወርቅ ግን የጤና ጉዳይ ነው። ሥጋ ደዌ የእጅንና የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ፣ ከበሽታው በመድኃኒት የዳነ ሰው እንኳ ድንጋይ ሲቆርጠው ወይም ጫማ ሲልጠው ላይሰማው ይችላል፤ ሕመም ያላስጠነቀቀው ቁስልም ሳይታወቅ ይመረቅዛል። አለርት ለእነዚህ ሰዎች ልዩ ጫማ የሚሠራበት ክፍል ያቋቋመው ስለዚህ ነው። በመሆኑም በአቅራቢያ የሚቆም፣ መሳፈሪያ ደረጃው ዝቅ ያለ፣ በሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስ ለአንዲት ከሥጋ ደዌ ለዳነች እናት ከሐኪሙ መድኃኒት አይተናነስም፤ አውቶቡሱ ባልመጣ ቁጥር የምትራመደው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ ሆስፒታሉ አልጋ ይመልሳታልና።

በተጨማሪም የአዲስ አበባ ሕዝብ በአብዛኛው እግረኛ ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም መካከል እጅግ የሚበዙት እግረኞች ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የቀለበት መንገድ ለመኪናው ፈጣን ጎዳና ሲሆንለት፣ ግራና ቀኙን ሠፈር ለሁለት ከፍሎ፣ ሽማግሌውንና አካል ጉዳተኛውን ከመሻገሪያ ድልድይ ደረጃ ጋር አታግሏል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገዶችን በተወሰኑ ቀናት ከመኪና ነፃ የሚያደርገው «መንገድ ለሰው»፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች፣ ጎዳናው አስቀድሞ ለእግረኛው እንደሚገባ የሚመሰክሩ በመሆናቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ ምስጋናው የሚፈጸመው ግን ያው ስፋት፣ ያው መብራት በመሀል ከተማ ሳይወሰን እስከ ሠፈሮቹ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲዘልቅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የደራሾች ጉዳይ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ እሳት ወይም ሌላ አደጋ የደረሰበት ሰው በ939 ወደ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን፣ አምቡላንስ የሚሻም በ907 በ1927 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይደውላል። ስልኩ ተነሣ፣ መኪናውም ወጣ እንበል፤ ቤቱን ግን እንዴት ያገኘዋል? በብዙ ሠፈሮቻችን ደዋዩ የሚናገረው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ስለሌለው፣ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከቧንቧው ዝቅ ብሎ» እያለ ያስረዳል፤ ደራሹም ጠይቆ ሲያገኘው መኪና የማያስገባ ጠባብ መተላለፊያ ይገጥመዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ታላቅ እሳት ይህንኑ በአደባባይ አሳይቷል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ከነበልባሉ ሌላ ከመንገዱ ጥበት ጋር መታገል ነበረባቸው። እንግዲህ እሳት አደጋ መኪና መግዛት ብቻውን ደራሽነት አይሆንም፤ መንገድ የሚቀይሰው ቢሮና እሳት የሚያጠፋው ኮሚሽን በአንድ ካርታ ላይ ካልሠሩ፣ የአንዱ ድካም በሌላው ቸልተኝነት ይባክናል።

ስለ ደራሽነት ሲነገር ግን የዘነበወርቅና የአካባቢው ሰው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.ን ሊረሳ አይችልም። በዚያ ቅዳሜ ማታ የቆሼ ተራራ ተንዶ፣ ከግርጌው የነበሩትን የእንጨትና የጭቃ፣ የላስቲክም ቤቶች ከነቤተሰቡ ቀበራቸው። ለቀናት በቁፋሮ መኪናም በእጅም አስከሬን ሲፈለግ ሰንብቶ፣ ሟቾቹ ከ110 በላይ ሆነው ተገኙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በመላ አገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ፤ የተረፉትም በጊዜያዊ መጠለያ ተሰበሰቡ። ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደርጎ የነበረ ቢሆንም፣ የአካባቢው ገበሬዎች በደረሰባቸው ጉዳት ምክንያት ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ወደ ቆሼ ተመልሶ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በረጲ፣ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው ፋብሪካ ተመረቀ።

በዚህ መከራ ውስጥ ሦስቱ ግዴታዎች እንዴት እንደ ተቆላለፉ አንባቢ ልብ ይበል። እነዚያ ሰዎች በተራራው ሥር ያደሩት፣ አደጋው ሳይታያቸው ቀርቶ ሳይሆን፣ ከእንጀራቸው ሥፍራ ርቀው ኪራይ ለመክፈልና በታክሲ ለመመላለስ አቅም ስላልነበራቸው ነው። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የደረሰውን ጥፋት የትኛውም ፈጣን አምቡላንስ ሊያስቀረው ባልቻለም ነበር፤ የሚያድናቸው ቀደም ብሎ የሚሰጥ ቤትና ከቤት ወደ ሥራ የሚያደርስ ርካሽ መጓጓዣ ነበር።

የመጠለያው ነገር ሥሩ ረዥም ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ለብዙ ድኻ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልበት የቀበሌ ቤት ቢያስገኝም፣ ቤቶቹ ሳይታደሱ አርጅተው፣ ሕዝቡም በዝቶ አልበቁም። በ1996 ዓ.ም. በአቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባነት የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ብዙ ቤተሰብን ባለቤት አደረገ፤ ነገር ግን ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በሌሊት ከሱቅ በረንዳ ላይ ለሚያድረው ሰው ደጁ ክፍት አልነበረም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራዩን ከድንገተኛ መፈናቀል ይጠብቀው ዘንድ የወጣ ነው፤ ጎዳና ላይ ላለው ግን የሚጠበቅለት ውል ገና የለውም።

ለእነዚህ ወገኖች ለረዥም ዘመን የደረሰላቸው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ የሚሰጠው ምጽዋት፣ ኋላም እንደ መቄዶንያ ያሉ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሡ የሚጦሩ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ናቸው። መንግሥት በበኩሉ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ በ11 ከተሞች የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀምር፣ የጎዳና ተዳዳሪዎችንም በዕቅዱ አካተተ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነው የተሾሙት ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ደግሞ፣ ለችግረኞች በነፃ ምግብ የሚቀርብባቸውን የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላትና «ለነገዋ» የተባለውን የሴቶች ተሐድሶና ክህሎት ማዕከል ከፍተዋል። የተራበ መመገቡ፣ ከጎዳና የተነሣች ሴት ሙያ መማሯ ምግባረ ሠናይ ነው። ይሁን እንጂ ምሳ የበላ ሰው ማታ የሚገባበት ቤት ያስፈልገዋል። በኮሪደር ልማቱም ከፒያሳና ከካዛንችስ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳር የተወሰዱት ነዋሪዎች፣ ቤት ቢያገኙም እንኳ፣ ከሥራቸው፣ ከዕድራቸውና ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት ርቀዋልና፣ አውቶቡስ ካልተከተላቸው የተሰጣቸው መጠለያ ሌላ ችግር ሊሆንባቸው ይችላል።

የድውያንን ማደሪያ የከተማ ሥራ አካል ማድረግ ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም፤ በአራተኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ለነዳያንና ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቆመው መካነ ርኅራኄ ራሱን የቻለ ከተማ እስኪመስል ድረስ ሰፍቶ ነበር። በእኛም ዘመን የእንግሊዟ የታላቋ ማንችስተር ታሪክ ይጠቀሳል። አንዲ በርንሃም አሥር ወረዳዎችን ለሚያቅፈው ለዚህ አካባቢ ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ቆሼ በተናደበት በ2009 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር ሲሆን፣ በተመረጡ በሦስተኛው ሳምንት በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ላይ የቦምብ ጥቃት ደርሶ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይደርሱ ቀሩ። ከንቲባው ይህ የሆነበት ምክንያት በገለልተኛ ወገን እንዲመረመርና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጥ አደረጉ፤ ከደመወዛቸው 15 በመቶውን ለቤት አልባዎች እየሰጡ፣ በየሌሊቱ ለጎዳና አዳሪ አልጋ የሚያዘጋጅ ሥራ ጀመሩ፤ በግል ኩባንያዎች እጅ የነበሩትን አውቶቡሶችም ደረጃ በደረጃ ወደ ሕዝብ ቁጥጥር መለሱ። አገሩ ሀብታም ስለሆነ ሁሉን ልንመስለው አንችልም፤ ስህተትን በግልጽ መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ማሳወቅ ግን ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

ስለዚህ የከተማው በጀት በምክር ቤት በሚቀርብበት ጊዜ፣ ሦስቱ ሥራዎች በሦስት ምዕራፍ ተለያይተው ብቻ እንዳይታዩ፣ ይልቁንም ከዘነበወርቅና መሰል ሠፈሮች አንጻር በአንድነት እንዲመዘኑ ነዋሪው ሊጠይቅ ይገባዋል። አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ ይመጣል? ከጥሪው በኋላ አምቡላንሱ በስንት ደቂቃ ከደጅ ይደርሳል? ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ በገደልና በወንዝ ዳር፣ በቆሻሻ ክምር ሥር ከሚያድሩት ስንቱ ወደ ደኅና ቤት ተዛወሩ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በየዓመቱ፣ በየወረዳው ተቆጥሮ ለሕዝብ ቢነገር፣ ከንቲባው የሚመሰገኑበትም የሚወቀሱበትም ሚዛን ግልጽ ይሆናል። የዘነበወርቅ ሰዎች አዲስ አበባ የሸሸችውን በሽታ ተሸክመው፣ የጣለችውን ጥራጊ ለቅመው ከተማዋን ለብዙ ዘመን አገልግለዋል፤ ያ አገልግሎት ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው በምጽዋት ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም ግብር ከፋይ ነዋሪ በሰዓቱ በሚደርስ አገልግሎት ነው።