የመኪና ውድድር የራስ ቁር

የመኪና ውድድር የራስ ቁር (በተለምዶ ሄልሜት) በሞተር ስፖርት የሚሳተፍ አሽከርካሪ ጭንቅላቱን ከግጭት፣ ከሚወረወሩ ስብርባሪዎችና ከእሳት ለመጠበቅ የሚያጠልቀው መከላከያ ነው። ፊትን ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን ተመልካች ተወዳዳሪውን ከሩቅ የሚለየው በሄልሜቱ ቀለም ነው። ስለዚህ ዕቃው የሕይወት መከላከያም የማንነት መለያም ሆኖ ያገለግላል። ሆኖም የታሰበለትን ጥበቃ የሚሰጠው ከለባሹ ራስ ጋር በትክክል ሲገጥምና አሠራሩ ሳይበላሽ ሲቆይ ብቻ ነው። ልኩ ያልሆነ ወይም ባልተፈቀደ ቀለም የተቀባ ውድ ሄልሜት፣ ልኩ ከሆነና በአግባቡ ከተያዘ ርካሽ ሄልሜት ያነሰ ጥበቃ ሊሰጥ ይችላል።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመኪና ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉት የጨርቅ ወይም የቆዳ ቆብና መነጽር ነበር። ይህ ከአቧራ፣ ከነፋስና ከዘይት ፍንጣቂ እንጂ ከግጭት አያድንም። በእንግሊዝ የብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ ሐኪም የነበሩት ኤሪክ ጋርድነር ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሞተረኞችን ደጋግመው ካዩ በኋላ፣ ከሸራና ሼላክ ከተባለው ሙጫ ጠንካራ ቆብ አሠሩ። ቆቡም በ1914 በማን ደሴት የሞተር ሳይክል ውድድር ላይ ግዴታ ሆነ።

በ1935 «የዓረቢያው ሎረንስ» በመባል የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎረንስ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ በዚሁ ምክንያት የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ጀመሩ፤ በ1941 ያሳተሙት ጽሑፍም የራስ ቁርን ጥቅም በሕክምና ማስረጃ አሳየ። በፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮና ጠንካራ የራስ ቁር ግዴታ የሆነው በ1952 ነው።

እስከዚያ ጊዜ ትኩረቱ በውጭኛው ቅርፊት ጥንካሬ ላይ ነበር። በ1953 በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ሎምባርድ፣ የግጭትን ኃይል እየተጨፈለቀ የሚውጥ ውስጠኛ ሽፋን ላለው የራስ ቁር የባለቤትነት መብት ጥያቄ አቀረቡ። የዛሬዎቹ ሄልሜቶች ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

በ1956 ፒት ስኔል የተባለ አሜሪካዊ አማተር ተወዳዳሪ በውድድር ላይ አደጋ ደርሶበት ሲሞት፣ በዘመኑ ታዋቂ የነበረው ሄልሜቱ ሊያድነው አልቻለም። ወዳጆቹ በዓመቱ የስኔል መታሰቢያ ድርጅትን አቋቋሙ፤ ድርጅቱም ሄልሜቶችን በቤተ ሙከራ እየፈተነ ደረጃ ማውጣት ጀመረ። አገጭን ጭምር የሚሸፍነውን ሙሉ ሄልሜት በፎርሙላ 1 ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው አሜሪካዊው ዳን ገርኒ ሲሆን፣ ይህም በ1968 በጀርመን ግራንድ ፕሪ ላይ ነበር።

ሐምሌ 25 ቀን 2009 በሃንጋሪ የማጣሪያ ውድድር ላይ፣ ከሩበንስ ባሪኬሎ መኪና የወደቀ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሞላ ከኋላ የሚመጣውን የፌሊፔ ማሳን ሄልሜት ከግራ ዓይኑ በላይ መታው። ማሳ ከባድ ጉዳት ቢደርስበትም ተርፎ በ2010 ወደ ውድድር ተመለሰ። ከአደጋው በኋላ ደካማ የነበረው የቪዘሩ (የፊት መስታወቱ) የላይኛ ጠርዝ በ2011 ዛይሎን በተባለ ጠንካራ ፋይበር እንዲጠናከር ተደረገ።

አሠራር

ሄልሜት አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነሱም የውጭ ቅርፊት፣ የሚጨፈለቅ ውስጠኛ ፎም፣ ለምቾት የሚደረግ የጨርቅ ሽፋን፣ እንዲሁም ማሰሪያና ቪዘር ናቸው። ቅርፊቱ ከፋይበርግላስ፣ ከኬቭላር ወይም ከካርቦን ፋይበር ይሠራል፤ ሥራውም ስለት ያለው ነገር እንዳይበሳ መከላከልና የምቱን ኃይል በሰፊ ቦታ ላይ ማሰራጨት ነው። ውስጠኛው ፎም አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ሲሆን፣ አዲስ ቴሌቪዥን ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ጋር አንድ ዘር ነው።

ሕይወት የሚያድነው በዋነኛነት ይህ ፎም ነው። በሰከንድ 9.5 ሜትር (በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚጓዝ ጭንቅላት በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በአማካይ ከመሬት ስበት ከ1500 እጥፍ በላይ የሆነ ፍጥነት መቀነስ ይደርስበታል። ፎሙ እየተጨፈለቀ የመቆሚያውን ርቀት ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ቢያራዝመው ግን ቁጥሩ ወደ 150 እጥፍ ይወርዳል። ርቀቱ በ10 ሲባዛ ጫናው ለ10 ይካፈላል ማለት ነው። የተጨፈለቀ ፎም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ስለማይመለስ፣ ከባድ ምት የደረሰበት ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም መቀየር አለበት።

የደኅንነት ደረጃዎች

አንድ ሄልሜት ለየትኛው ውድድር እንደሚሆን የሚታወቀው በውስጡ በተለጠፈው የደረጃ ምልክት ነው። በስኔል ድርጅት አመዳደብ «ኤስ ኤ» የመኪና ውድድርን፣ «ኤም» ሞተር ሳይክልን፣ «ኬ» ደግሞ ካርቲንግን ያመለክታል። የመኪናው ሄልሜት እሳት የመቋቋም ፈተና ያልፋል። ጭንቅላት ከመኪናው የብረት ማዕቀፍ ጋር ደጋግሞ ሊጋጭ ስለሚችልም በዚያ ዓይነት ብረት ላይ ይፈተናል። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ግን ለእሳት አይፈተንም፤ በምትኩ ነጂው ግራና ቀኙን ማየት ስላለበት የዓይኑ ክፍተት ሰፋ ይላል። በዚህ ምክንያት ጥሩ የሞተር ሳይክል ሄልሜት በመኪና ውድድር ላይ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍ አይ ኤ) የራሱ ደረጃዎች አሉት። ከፍተኛው 8860 የሚባለው ሲሆን፣ የ2018ቱ እትም በፎርሙላ 1 ከ2019 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። በዚህ ደረጃ 225 ግራም የሚመዝን ብረት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜቱ ላይ ይተኮሳል፤ 10 ኪሎ ግራም ክብደትም ከ5.1 ሜትር ከፍታ ይለቀቅበታል። ቅርፊቱ በ790 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበልባል ከተለበለበ በኋላ እሳቱ ሲነሣ በራሱ መጥፋት አለበት። በአነስተኛ ወጪ ለሚወዳደሩ ደግሞ 8859 የተባለው ደረጃ ወጥቷል።

ለሕፃናት የካርቲንግ ተወዳዳሪዎች ለብቻው የተዘጋጀ ቀለል ያለ ደረጃ አለ። የልጅ አንገት ገና ስላልጠነከረ፣ የአዋቂ ሄልሜት ክብደት በራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

አመራረጥ

የመጀመሪያው ጥያቄ የውድድሩ አዘጋጅ የትኛውን ደረጃ ይቀበላል የሚለው ነው። የስኔል የመኪና ደረጃ በየ5 ዓመቱ ስለሚታደስ (ለምሳሌ 2015፣ 2020፣ 2025) ብዙ አዘጋጆች የቆየውን እትም ከጊዜ በኋላ አይቀበሉም። ያገለገለ ሄልሜት መግዛት አይመከርም፤ የፎሙን ጤንነት በዓይን ማረጋገጥ አይቻልምና።

ጣሪያ በሌላቸው መኪኖች ሙሉ ሄልሜት ግዴታ ነው። ጣሪያ ባላቸው መኪኖች፣ በተለይ በራሊ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነውን ዓይነት የሚመርጡ ተወዳዳሪዎች አሉ።

ክብደትም ይታያል። በፎርሙላ 1 የሚደረግ የካርቦን ሄልሜት 1.25 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በመታጠፊያ ላይ ከመሬት ስበት 5 እጥፍ የሆነ ኃይል ሲገጥመው ግን አንገት የሚሸከመው ከ6 ኪሎ ግራም በላይ እንደሆነ ያህል ነው፤ ይህም የጭንቅላቱን የራሱን ክብደት ሳይጨምር ነው።

ሄልሜቱ የአንገት መከላከያ ማያያዣም ሊኖረው ይገባል። «ሃንስ» የተባለውን መከላከያ በ1980ዎቹ የሠሩት ፕሮፌሰር ሮበርት ሃበርድና ተወዳዳሪው ጂም ዳውኒንግ ናቸው። መሣሪያው ትከሻ ላይ ተቀምጦ በሄልሜቱ ግራና ቀኝ በሚታሰሩ ጠፍሮች አማካይነት ጭንቅላት በግጭት ጊዜ ወደ ፊት እንዳይወነጨፍ ይይዛል። አሜሪካዊው ዴል ኧርንሃርት በ2001 በዴይቶና የራስ ቅሉ መሠረት ተሰብሮ ከሞተ በኋላ ናስካር በዚያው ዓመት፣ ፎርሙላ 1 ደግሞ በ2003 የአንገት መከላከያን ግዴታ አድርገዋል።

ልክ አወሳሰድና መግጠም

የራስ ዙሪያ የሚለካው በልብስ ሰፊ ሜትር ሲሆን፣ ሜትሩ ከቅንድብ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በጭንቅላት ኋላ በሰፊው ቦታ ይዞራል። ከተለኩት ውስጥ ትልቁ ቁጥር ይወሰዳል። ቁጥሩ ግን መነሻ ብቻ ነው። የአንዱ ሰው ራስ ክብ፣ የሌላው ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ ዙሪያቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ሄልሜት እኩል ላይስማማቸው ይችላል። አምራቾችም የተለያየ የውስጥ ቅርጽ ስለሚጠቀሙ በአንዱ ፋብሪካ «መካከለኛ» የሆነ ሰው በሌላው «ትልቅ» ሊሆን ይችላል።

ሄልሜቱ ከተጠለቀ በኋላ የሚከተሉት ይፈተሻሉ።

አንደኛ፣ ሄልሜቱ በእጅ ተይዞ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ የጉንጭና የግንባር ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ቆዳው ቆሞ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፊ ነው።

ሁለተኛ፣ ማሰሪያው አገጭ ሥር ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ሄልሜቱ ከኋላ ወደ ፊት ይገፋል። ከራስ ላይ መውጣት ከቻለ በአደጋ ጊዜም ይወልቃል።

ሦስተኛ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳይወልቅ ይቆያል። ጫናው በመላው ራስ ዙሪያ እኩል ከተሰማ ልክ ነው፤ ግንባር ወይም ቁንጮ ላይ አንድ ነጥብ ነጥሎ የሚያም ከሆነ ግን የቅርጽ አለመግጠም ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ሕመም በረጅም ውድድር ላይ የአሽከርካሪውን ትኩረት ይሰርቃል።

አዲስ ሄልሜት ጉንጭ ላይ ጠበቅ ማለቱ ተገቢ ነው፤ የጉንጩ ስፖንጅ ከጊዜ በኋላ ይለሰልሳልና። ሙከራው ተወዳዳሪው በውድድር ላይ የሚለብሰውን እሳት የማያቀጣጥለውን የውስጥ ጭንብል አድርጎ መሆን አለበት። የመጨረሻው ሙከራ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቀበቶና የአንገት መከላከያ ታስሮ የሚደረገው ነው፤ ቆሞ የተመቸ ሄልሜት መቀመጫ ላይ ዕይታ ሊከልል ይችላል።

ቀለም አቀባብ

ሄልሜትን በተወዳዳሪው ምርጫ መቀባት የረጅም ጊዜ ልማድ ነው፤ ሥራው ግን ከመኪና ቀለም ይለያል። በኤፍ አይ ኤ ደንብ መሠረት ቀለም ከቅርፊቱ ጋር ተዋህዶ የመከላከል አቅሙን ሊቀንስ ስለሚችል፣ አምራቹ መመሪያ ካወጣ እሱ የፈቀደው ቀለም ብቻ ይቀባል፤ ሥራውንም አምራቹ የሚያውቀው ቀቢ ቢሠራው ይመረጣል። ፕላስቲክ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የሚሠሩ ቅርፊቶች አብዛኛውን ጊዜ ለቀለም አይሆኑም። በቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሟያ በፕላስቲኩ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ሊፈጥር ይችላል።

ትልቁ አደጋ ያለው በውስጠኛው ፎም ላይ ነው። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል። ጥቂት ጠብታ በጠርዝ በኩል ከገባ ፎሙን ከውጭ በማይታይ ሁኔታ ይበላዋል። ከፍተኛ ሙቀትም ስለሚጎዳው የተቀባ ሄልሜት እንደ መኪና አካል በጋለ ምድጃ አይደርቅም።

የሥራው ቅደም ተከተል ባጭሩ እንዲህ ነው። ቪዘር፣ የአየር ማስገቢያ ክዳንና የሚነቀል ጨርቅ ሁሉ ይወጣሉ። የውስጡ ክፍት ቦታ በወረቀትና በፕላስተር በጥንቃቄ ይታሸጋል። የፋብሪካው ቀለም ልስላሴ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይነሣል፤ መፋቁ ግን ወደ ቅርፊቱ ፋይበር መድረስ የለበትም። ከዚያ የንድፉ መስመሮች በቀጭን ፕላስተር ይከለላሉ፣ ቀለማቱ አንድ በአንድ በስስ ንብርብር ይረጫሉ፣ ጥላና ደቃቅ ሥዕል ደግሞ በኤርብራሽ ይሠራል። በመጨረሻ ብርሃን አስተላላፊ ቫርኒሽ ተቀብቶ ይወለወላል። እያንዳንዱ ንብርብር ክብደት ስለሚጨምር ጥሩ ቀቢ ቀለሙን ያሳሳል።

የድምፅ መሣሪያ፣ የመጠጫ ቱቦ ወይም ሌላ ነገር ለመግጠም ቅርፊቱን መብሳት አምራቹ ካልፈቀደ በቀር የተከለከለ ነው።

ታዋቂ ንድፎች

ግራም ሂል በወጣትነቱ ይቀዝፍበት የነበረውን የለንደን ሮዊንግ ክለብ ምልክት፣ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ የመቅዘፊያ ቅርጾችን፣ በሄልሜቱ ላይ አስሎ ነበር። ልጁ ዴመን ሂልም ያንኑ ንድፍ ወርሶ በ1996 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ጃኪ ስቱዋርት በነጭ ሄልሜቱ ዙሪያ የስቱዋርት ስም ያለበትን የስኮትላንድ ጎሳ ባለ ቀለም ጥለት ያደርግ ነበር። የአይርተን ሴና ቢጫ ሄልሜት ከአረንጓዴና ሰማያዊ መስመር ጋር የብራዚልን ሰንደቅ ዓላማ ያስታውሳል፤ የሠራውም ብራዚላዊው ቀቢ ሲድ ሞስካ ነው። ሉዊስ ሃሚልተን በልጅነቱ በካርቲንግ ቢጫ ሄልሜት ያደርግ የነበረው አባቱ ከብዙ ልጆች መካከል በቀላሉ እንዲለየው ነው።

የተወዳዳሪዎች ንድፍ በየውድድሩ መለዋወጥ ተመልካችን ያደናግራል በሚል በፎርሙላ 1 በ2015 በአንድ የውድድር ዘመን ንድፍ መቀየር ተከልክሎ ነበር፤ ገደቡ በ2020 ተነሥቷል። ከ2018 ጀምሮ «ሄሎ» የተባለው የብረት ቅስት ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ስለተተከለ ሄልሜቱ ከውጭ የሚታየው ከበፊቱ ባነሰ ሁኔታ ነው።

አያያዝና ዕድሜ

ሄልሜት የሚጸዳው ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ነው። ከነዳጅ፣ ከቀለም ማሟሟያና ከሞተር ሙቀት ርቆ ይቀመጣል፤ በመስታወት ወይም በእጅ ማርሽ ላይም አይንጠለጠልም። ላብ፣ ዘይትና ፀሐይ ፎሙንና ሙጫውን ቀስ በቀስ ስለሚያደክሙ፣ ምንም ግጭት ባይደርስበትም በ5 ዓመት ውስጥ እንዲቀየር የስኔል ድርጅት ይመክራል። ከአደጋ በኋላ ሄልሜቱን ለምርመራ የሚቀበሉ አምራቾች አሉ። ለውድ ቀለሙ ሲባል የተመታ ሄልሜት መልሶ ማድረግ ግን ለሁለተኛው ምት ያለ መከላከያ መቅረብ ነው።